ለሰብሳቢው ያዘጋጀሁት ግብዣ

የማኅበራችን ሰብሳቢ ሮቤ ከተማ ውስጥ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ የገቢ ማሰባሰቢያ ግብዣውን እንዳዘጋጅ ሲለምነኝ፣ ንግግሩን እንኳን ሳይጨርስ እሺ አልኩት። የእረፍት ሰዓት ነበር። ክፍሌ በር ላይ ቆሞ የካፖርቱን ቁልፍ እየቆለፈ፣ «እህቴ፣ ያለፈው አለፈ። ለልጆቹ ስንል እንተባበር» አለኝ። ንፋሱ አፍንጫውን አቅልቶት ነበር።

«ችግር የለውም፣ እሠራዋለሁ» አልኩት።

ቶሎ መስማማቴን አልጠበቀም መሰለኝ። ከዚያ ፊቱ በራ። ይቅር ያልኩት መስሎት እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ሄደ። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን አንተ ማለት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ወደ ክፍሌ ተመልሼ የጠረግኩትን ሰሌዳ ከደስታ የተነሳ ደግሜ ጠረግኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ በየት በኩል እንደማገኘው ሳስብ የኖርኩት ሰው በገዛ እግሩ መጥቶ መድረኩንም፣ ማይክራፎኑንም፣ የእንግዶቹን ዝርዝርም እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ለምን እንደዚያ እንደጠላሁት ልናገር።

ታናሽ ወንድሜ መስማት የተሳነው ነው። በአራት ዓመቱ ማጅራት ገትር ያዘውና ነፍሱ ስትተርፍ ጆሮው አልተረፈም። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጎባ ባለው ቤታችን ውስጥ ለእሱ ብለን የፈጠርነው የእጅ ቋንቋ ነበረን። እናታችንን ለማለት የጆሮ ጉትቻ እንነካለን፣ አባታችንን ለማለት አገጫችንን እንዳብሳለን፣ ጉም ለማለት ፊታችንን በሁለት እጃችን እንሸፍናለን። ጉም በየቀኑ ከተራራው ስለሚወርድ ያን ምልክት ብዙ ተጠቅመንበታል። አድጌ መምህርት ስሆን የምልክት ቋንቋን በሥርዓቱ ተማርኩ፣ ለእሱም አስተማርኩት። እሱ አናጢ ሆነ። ጎባ ውስጥ ጥሩ አልጋ ወይም ቁምሳጥን ማሠራት የፈለገ ሰው ቢጠይቅ የሚላከው ወደ እሱ ነው።

ማኅበሩን የመሠረትነው እኔና አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ነን። ከተማው ሁሉ ሲስተር ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ሮቤ ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተን፣ መስማት የተሳናቸው የገጠር ልጆች እዚያው እያደሩ እንዲማሩ አደረግን። ከዲንሾም፣ ከብድሬም፣ ከሪራ ጫካም መጡልን። አብዛኞቹ ሲመጡ በእጃቸው የሚናገሩትን ከእናታቸው በቀር የሚረዳው ሰው አልነበረም።

ሰብሳቢው የመጣው በሦስተኛው ዓመት ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም አፉ የሚጣፍጥ፣ ትልልቅ ቢሮ ገብቶ ባዶ እጁን የማይመለስ ሰው ነው። እኛ ሁለት ሴቶች ደብዳቤ ይዘን ስንመላለስ ደክሞን ስለነበር ወንበሩን በደስታ ለቀቅንለት። እውነት ለመናገር ብዙ ነገር አስገኝቷል። ልጆቹን ግን አንድ ቀን እንኳን አጠገባቸው ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። መጥቶ አናታቸውን ዳበስ ዳበስ ያደርግና ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል።

በዚያው ዓመት ወንድሜ ለመማሪያ ክፍላችን አሥራ ሁለት ዴስኮች ሠራልን። ከጽድ እንጨት ጥሩ ጥሩውን መርጦ፣ ማዕዘኑን የልጆች እጅ እንዳይቧጭር አድርጎ አለስልሶ ነው የሠራቸው። የሚመረቁበት ቀን ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከጎባ መጣ። አዳራሹ በእንግዳ ተሞልቷል። ሰብሳቢው ንግግር እያደረገ ሳለ አንድ ሽማግሌ እንግዳ የዴስኩን ጠርዝ በመዳፋቸው ዳበሱና ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ወንድሜ ይህን ሲያይ ሳቀ። ሳቁ ከሆዱ ነው የሚወጣው። ከፍ ያለ፣ የተቆራረጠ፣ ለማያውቀው ሰው የሚያስደነግጥ ድምፅ ነው። እኛ ቤት ውስጥ ግን እሱ ሲስቅ ሥራችንን ትተን አብረነው ነበር የምንስቀው።

ሰብሳቢው ንግግሩን አቋረጠ። ማይክራፎኑን ከአፉ እንኳን ሳያርቅ፣ «እባካችሁ ያንን ዱዳ አውጡልኝ፤ እንግዶች ተረበሹ» አለ።

ሰው ሁሉ ዞሮ ወንድሜን አየው። እሱ ስለ ዴስኮቹ ያመሰገኑት መሰለው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። እንደሳቀ ነው ሁለት ጥበቃዎች ክንዱን የያዙት። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ በዓይኑ ፈለገኝ፣ አገኘኝም። እኔ ከፊት ወንበር ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። አልተነሳሁም። ለሰው ሳወራ ጉልበቴ እምቢ አለኝ እላለሁ። እውነቱ ግን አፍሬ ነው። በሰብሳቢው ሳይሆን በወንድሜ ነው ያፈርኩት፤ ያ ሁሉ ሰው እያየው በእሱ አፈርኩ። ሰብሳቢውን የጠላሁት ወንድሜን ስላስወጣው ብቻ አይደለም፤ በገዛ ወንድሜ እንዳፍር ስላደረገኝም ነው።

ከሳምንት በኋላ በስብሰባ ላይ ጉዳዩን አነሳሁት። ይቅርታ እንዲጠይቅ ፈልጌ ነበር። እሱ ፈገግ ብሎ፣ «እህታችን ስሜታዊ ሆናለች። ማኅበሩን የቤተሰብ ጉዳይ አድርጋዋለች» አለና ከሥራ አመራር ኮሚቴው እንድወጣ እጅ አስወጣ። ሲስተር ብቻ እጃቸውን ሳያነሱ ቀሩ። ከትምህርት ቤት ሥራዬ በኋላ ልጆቹን ማስተማሩን ግን አላቆምኩም፤ ሌላ የሚያስተምር ሰው አልነበራቸውም። ወንድሜ ከዚያ ቀን ወዲህ ግቢያችንን ረግጦ አያውቅም።

እንግዲህ ግብዣውን አዘጋጂ ስባል ምን እንደማደርግ ወዲያው አላወቅኩም። ያወቅኩት ከአራት ቀን በኋላ ነው። ከጎባ ወደ ሮቤ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። የሰብሳቢው ድምፅ መጣ። ስለ ልጆቹ እየተጠየቀ ነበር። «ቋንቋቸውን አቀላጥፌ ነው የምናገረው። በእጃቸው ያወሩኛል፣ በእጄ እመልስላቸዋለሁ። አባታቸው ነኝ» አለ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ከንፈራቸውን መጠጡና «እንዲህ ያለም ሰው አለ፤ አላህ ይጠብቀው» አሉ። «አሚን» አልኩ እኔ። ሰውየው በእጁ «ውሃ» ማለት እንኳን እንደማይችል አውቃለሁ። ሮቤ መናኸሪያ ስወርድ ነገሩ ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በልቤ ተሰናድቶ ነበር።

ሥራዬን በደንብ ሠራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የተጋሁበት ሥራ የለም። ቀኑን ጾምም ረመዳንም እንዳይነካው፣ መንገድ የሚያበላሽ ዝናብም እንዳይመጣበት አድርጌ መረጥኩ። ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ በጉ ለየብቻ እንዲታረድ፣ ወጡም ለየብቻ እንዲሠራ ሁለት ጓዳ አደራጀሁ። የሙስሊሙን ጓዳ የያዙት ጎረቤቴ፣ አዴ የምላቸው ሴት ናቸው፤ ጭኮውንም እሳቸው ናቸው ገብሱን አስፈጭተው በቅቤ ያሹት። ለጨረታ የሚቀርብ ማር ከሪራ፣ ሙክት ከዲንሾ አስመጣሁ። መብራት ቢጠፋ ብዬ ጄኔሬተር ተዋስኩ። የጥሪ ካርዱን ይዤ የሮቤንና የጎባን ነጋዴ በር ለበር ዞርኩ። የማስበው ስለ ልጆቹ አልነበረም። አዳራሹ ጢም ብሎ እንዲሞላ የፈለግኩት ሰብሳቢውን ብዙ ሰው እንዲያየው ነው።

የጠየቀኝን ሁሉ ሰጠሁት። ባነሩ ላይ ፎቶው እንዲወጣ ፈለገ፣ አወጣሁለት። «ትንሽ ጎላ ቢል» አለ፣ አጎላሁት። ስሙ ከማኅበሩ ስም በላይ እንዲጻፍ ፈለገ፣ አጻፍኩት። ሲስተር ባነሩን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይሄን አንቺ ነሽ ያዘዝሽው?»

«እሳቸው ናቸው የፈለጉት።»

«አንቺ የእሱን ፍላጎት ከመቼ ወዲህ ነው የምትፈጽሚው? ፊትሽ ደስ አላለኝም።»

ባነሩን መጠቅለል ጀመርኩ።

የመርሐ ግብሩን መዝጊያ የተነጋገርነው ቢሮው ውስጥ ነው። «ሰው ልብ ውስጥ የሚቀር ነገር ይሁን» አለኝ።

«አንዷ ተማሪ መድረክ ላይ ትውጣና በምልክት ትናገር» አልኩ። «እርስዎ አጠገቧ ቆመው ያስተረጉሙላታል። በሬዲዮ ሲናገሩ ሰምቼ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ።»

ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርግበት የነበረው ጣቱ ቆመ። «አንቺ ብታስተረጉሚ አይሻልም?»

«እኔማ መምህርት ነኝ፣ ለማንም አይገርመውም። አባት ሲያስተረጉም ግን ሰው ያለቅሳል።»

አሰበ። የሚያለቅሰው ሰው በዓይኑ ታየው መሰለኝ። «ልክ ነሽ» አለ በመጨረሻ። «ግን ልጅቷ የምትለውን አስቀድመሽ በወረቀት ጻፊልኝ። እኔ ሳላውቀው ቀርቼ ሳይሆን፣ መድረክ ላይ ጊዜ እንዳይባክን ብዬ ነው።»

«እጽፍልዎታለሁ» አልኩት።

ጻፍኩም። «አባታችን፣ እርስዎ ባይኖሩ የት እንወድቅ ነበር? ጨለማችንን አበሩልን» የሚል ነገር በአማርኛም በኦሮምኛም በንጹሕ የመምህር ጽሑፍ ጽፌ ሰጠሁት። ቤት ሄጄ እንደገና ሳስበው ብቻዬን ሳቅሁ።

የመረጥኳት ልጅ ከሪራ የመጣች፣ ዕድሜዋ አሥራ አራት የሆነ፣ ከልጆቹ ሁሉ እጇ የሚፈጥን ናት። ያየችውን አትረሳም፣ የተሰማትን አትደብቅም። ከክፍል በኋላ አስቀረኋትና፣ «ትልቅ ግብዣ አለ። መድረክ ላይ ወጥተሽ የፈለግሽውን ትናገሪያለሽ» አልኳት በእጄ።

«የፈለግኩትን ሁሉ?»

«ሁሉንም።»

«ስለ መስኮቱም?»

«ስለ መስኮቱም።»

መስኮቱ የሴቶቹ መኝታ ክፍል መስኮት ነው። ከተሰበረ ሁለት ክረምት አልፎታል። ካርቶን ለጥፈንበት ነበር፤ ዝናቡ ካርቶኑን አረጠበው፣ ንፋሱ ቀደደው። የሮቤን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጆቹ ብዙ ጊዜ ለሰብሳቢው ነግረውታል። መስኮቱን እያሳዩ፣ እየተንቀጠቀጡ በእጃቸው ሲነግሩት እሱ ስቆ ጭንቅላታቸውን ዳብሶ ነው የሚሄደው። ከግብዣው ሦስት ሳምንት በፊት ሲስተር ሰው ፈልገን እናሠራው ብለውኝ ነበር። «ከግብዣው በኋላ ይደርሳል» አልኳቸው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አውቃለሁ። መስኮቱ ከተሠራ ልጅቷ የምትናገረው ያንሳል። እኔ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ስተኛ፣ እነዚያ ልጆች ለእኔ በቀል ሲባል ሦስት ሳምንት በብርድ ተቆራመቱ።

ግብዣው ሊደርስ ሲል ጎባ ሄጄ ወንድሜን እንዲመጣ ጋበዝኩት። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሳንቃ እየላገ ነበር። ያሰብኩትን ሁሉ ነገርኩት፤ እጄ እየተጣደፈ፣ ወረቀቱን እንዴት እንደጻፍኩ፣ ሰውየው እንዴት እንደሚዋረድ። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። አላቋረጠኝም፣ ፊቱም አልተለወጠም።

«አልመጣም» አለኝ።

«ለምን? ሲዋረድ በዓይንህ እንድታየው ነው የምፈልገው።»

«እኔ እንዲህ አድርጊልኝ አልኩሽ? ለእኔ ነው እንዳትይ።»

«ለአንተ ካልሆነ ለማን ነው ታዲያ?»

ዓይኔን ትኩር ብሎ አየና፣ «አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ መላጉን ቀጠለ። እሱ ጀርባውን ከሰጠ ወሬው አልቋል ማለት ነው፤ ልጠራው አልችልም። ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ። ተናድጄበት ነበር። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

የግብዣው ቀን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ እንዳሰብኩት ጢም አለ። ነጋዴው፣ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪው፣ የሃይማኖት አባቶች ከሁለቱም ወገን፣ ከብድሬ ድረስ የመጡ የከብት ነጋዴ ሽማግሌ ሳይቀሩ ነበሩ። ሰው በላ፣ ጭኮው ተመሰገነ፣ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተሩ ተነሳ። ማሩና ሙክቱ በጨረታ ወጡ፣ ሳቅና ጭብጨባ ሆነ። ልጆቻችን በአንድ ዓይነት ሹራብ ተደርድረው ፊት ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ከገዛ ትልቅ ፎቶው ሥር ቆሞ ረጅም ንግግር አደረገ። እኔ ከመድረኩ ጎን ሁለተኛውን ማይክራፎን ይዤ ቆሜያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የተረጋጋሁበት ቀን የለም።

ልጅቷ ወጣች። ሰብሳቢው እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ለሕዝቡ ፈገግ አለ። ትከሻዋን ከእጁ አላቀቀችና መናገር ጀመረች።

«የምንተኛበት ክፍል መስኮት ተሰብሯል» አለች። «ዝናብ ይገባል። ትንሿ ልጅ ታማለች፣ ታስላለች፤ እኛ ሳሏን አንሰማም፣ አልጋው ሲንቀጠቀጥ ነው የምናውቀው። ለእሱ ነግረነዋል። እጃችንን እያየ ይስቃል። የምንለው አይገባውም። ስሜን አያውቅም። እናንተ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፣ እባካችሁ መስኮቱን አሠሩልን።»

እጇን ስታወርድ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ምን አለች መሰላችሁ» አለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ ተለማምዶበት ነው የመጣው። «አባታችን፣ እርስዎ ባይኖሩ የት እንወድቅ ነበር? ጨለማችንን አበሩልን፣ ነው የምትለው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንዳንድ ሰው ዓይኑን ጠረገ። ልጅቷ ሰዎቹ ሲያጨበጭቡ አየች፤ ግራ ገባት። ብርድ ላይ እንተኛለን ስትላቸው ለምን ደስ እንደሚላቸው አልገባትም። ወደ እኔ ዞራ፣ «ለምንድን ነው የሚያጨበጭቡት?» አለችኝ።

ማይክራፎኑን አበራሁ።

«ይቅርታ» አልኩ። «ተማሪዋ ያለችው ሌላ ነው።» ከዚያ ቃል በቃል፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ነገርኳቸው። «እጃችንን እያየ ይስቃል» የሚለው ላይ ስደርስ ጭብጨባው ሞቶ፣ የሚሰማው የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ነበር።

ሰብሳቢው ሳቅ አለ። «ልጅቷ ሰው አይታ ደንግጣ ነው…»

«እንግዲያው እርስዎ ራስዎ ይጠይቋት» አልኩት። «ስሟን ይጠይቋት። በእጅዎ።»

ያ ሁሉ ሰው አየው። እጁን አነሳ። ጣቱን ወደ ልጅቷ ቀሰረ፣ መዳፉን ገለበጠ፣ ከዚያ አየሩ ላይ ምንም የማይመስል ነገር ጻፈ። ፊት የተቀመጡት ልጆች ሳቁ። አንዱ ጀመረው፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ያ ከሆድ የሚወጣ፣ የተቆራረጠ፣ ልክ የሌለው ሳቅ አዳራሹን ሞላው፤ ከዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚያስወጣቸው አልነበረም። ሰብሳቢው ከፎቶው ሥር ቆሞ ሰማቸው። እኔ እያንዳንዷን ደቂቃ አጣጣምኳት። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ አመዱ ወጣ። ወረቀቱን ከኪሱ ሊያወጣ ሞክሮ ጣለው። ወረቀቱን ሳያነሳ ከመድረኩ ወረደ።

የብድሬው ሽማግሌ ከተቀመጡበት ተነሱ። «ልጄ፣ ንገሪያት» አሉኝ በኦሮምኛ። «በአላህ ስም፣ መስኮቱን ለእኔ ተዉት በያት። ስሟ ማን እንደሆነም ጠይቂልኝ።» ነገርኳት። እሷም የምልክት ስሟን አሳየቻቸው። ሽማግሌው በወፍራም ጣታቸው ደገሙላት፤ ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው በማርገብገብ አጨበጨቡላቸው። ከዚያ በኋላ ሰው ተነስቶ ቃል መግባት ጀመረ፤ ሲስተር እያለቀሱ መዝገቡን ይዘው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞሩ ነበር።

እኔ ግን ሰብሳቢውን ተከትዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ካፖርቱን ሲለብስ ደረስኩበት።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አለኝ። ድምፁ እውነተኛ ነበር። «ከኮሚቴ ስላስወጣሁሽ ነው?»

«ወንድሜን ረሱት?»

«የቱን ወንድምሽን?»

«በዴስኮቹ ምረቃ ቀን ያስወጡትን። ዱዳውን አውጡልኝ ያሉትን።»

ግንባሩን ቋጠረ። ለማስታወስ እየሞከረ ነበር፤ እየዋሸ አይደለም፣ ፊቱን እያነበብኩት ነበር። በመጨረሻ ራሱን ነቀነቀ። «አላስታውስም» አለ። «ወንድምሽ ነበር እንዴ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ያሰብኩትን ነገር ሰውየው ረስቶታል። በስብሰባው ቀንም ምን እንደጠየቅኩት ጆሮ ሰጥቶ አልሰማኝም ማለት ነው። እዚያው በጥፊ ባልኩት ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ። እሱ ግን ካፖርቱን ቆልፎ ወጣ። በሳምንቱ የመልቀቂያ ደብዳቤውን በሰው ላከ።

ወደ አዳራሹ ስመለስ ልጅቷ መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የወደቀውን ወረቀት ይዛ ነበር። የማስተምራት እኔ ስለሆንኩ ጽሑፌን ታውቀዋለች።

«ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔ ይሄን አልልም። እንደማልል ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። እሱ ሰው ፊት እንዲሳሳት ነው።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። «እኔ ስለ ብርዱ ነበር የምናገረው» አለች። «አንቺ ስለ እሱ ነው ያናገርሽኝ። መስኮቱን ከግብዣው በኋላ ብለሽ ያስቆየሽው አንቺ ነሽ አይደል? ሲስተር ስትጠይቅሽ አይቻለሁ፣ ከንፈርሽን አንብቤያለሁ።»

ወረቀቱን አጣጥፋ እጄ ላይ አደረገችልኝና ወደ ጓደኞቿ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ክፍል ውስጥ ስጠይቃት ትመልሳለች፣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ ከዚያ የዘለለ ነገር ግን ለወራት አልነገረችኝም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ጎባ ሄድኩ። ለወንድሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሳቁንም፣ ሰብሳቢው እንደማያስታውሰውም፣ ልጅቷ ያለችኝንም። በዴስኮቹ ቀን ለምን እንዳልተነሳሁም ነገርኩት። ያን እስከዚያ ቀን ነግሬው አላውቅም ነበር። «በአንተ አፍሬ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «በሩ ጋ ሆኜ ፊትሽን አይቼዋለሁ።»

ከዚያ ሜትሩን ከኪሱ አወጣና፣ «የመስኮቱ ስፋት ስንት ነው?» አለኝ። ለካ ለክቼው አላውቅም።

እንጨቱን የብድሬው ሽማግሌ ላኩ፣ መስኮቱን ወንድሜ ሠራው። ሐሙስ ቀን ባጃጅ ላይ ጭኖ ግቢያችን ሲገባ ልጆቹ ከበቡት። ልጅቷ ምስማር እያቀበለች ሙሉ ቀን አብራው ዋለች። ምን እንደሚነጋገሩ ከግቢው ጥግ ሆኜ ለማየት ሞከርኩ፣ ጀርባቸውን ስለሰጡኝ እጃቸው አይታየኝም ነበር። ሄጄ መሃላቸው መግባት አልፈለግኩም።

አሁን ማኅበሩን የሚመሩት ሲስተር ናቸው። የሚቀጥለውን ግብዣ ስናቅድ ልጅቷ ስብሰባው ላይ መጥታ፣ መድረክ ላይ ወጥታ መናገር እንደምትፈልግ፣ አስተርጓሚዋን ግን ራሷ እንደምትመርጥ ነገረችን። እኔን አልመረጠችኝም። ከዩኒቨርሲቲው የመጣች አንዲት ወጣት ናት የመረጠችው። ልክ ናት አልኩ፤ ግን ከፋኝ።

ሰብሳቢውን አንዳንዴ ሮቤ ገበያ አካባቢ አገኘዋለሁ። ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። ሰው ይቅር በዪው ይለኛል። ሲስተርም ደጋግመው ብለውኛል። በልጅቷ ላይ ያደረግኩትን ሳስብ እፀፀታለሁ፣ በብርድ ስላሳደርኳቸውም እፀፀታለሁ። በሰውየው ላይ ስላደረግኩት ግን፣ ፈልጌ ፈልጌ ፀፀት አላገኘሁም። መንገድ ሲሻገር ባየሁት ቁጥር ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እንደምን ዋሉ!» እለዋለሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ እንዲያየው ነው።